ትእዛዝ የሌለበት ቤት

ትርንጎ ልጇን «ተኛ» አትለውም። አንድ ጊዜ ከአፏ አምልጧት፣ ባሏ ሃምሳ አለቃ ልመንህ የወጥ ሳህኑን እንደያዘ በደረቱ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። «ያለ ዲሲፕሊን ጦር የለም» ብለው የጦሩ አዛዦች ከዘማቹ ሁሉ አንገት ሥር ትእዛዝ ሰሚ መሣሪያ ቀብረው ነበር፤ ሲያሰናብቱት ግን አላወጡለትም። ትእዛዙ ከማንም አፍ ይውጣ፣ ሰውነቱ ይታዘዛል። «ቁም» ከተባለ «እረፍ» እስኪባል ሐውልት ነው።

ስለዚህ በቤቱ የሚነገረው ሁሉ ልመና ሆነ። «ኪሩቤልዬ፣ ብትበላልኝስ? ብትተኛልኝስ?» ልጁ ካልፈለገ ስቆ ይሮጣል።

እሁድ ከሰዓት አባትና ልጅ ደጅ ኳስ ሲጫወቱ ትርንጎ ልብስ ታሰጣ ነበር። ኳሷ ወደ አስፋልቱ ተንከባለለች፤ ኪሩቤል ተከተላት። ሾፌር የለሽ የጭነት መኪና ቁልቁል ይምዘገዘጋል። ልመንህ ተወርውሮ ጣቱ የልጁን ሹራብ ሊነካ ሲል፣ እናት ናትና፣ ጮኸች።

«ቁም!»

ኪሩቤል ዞሮ እንኳ አላያትም፤ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። የቆመው ልመንህ ነው።

ልጁን በነጠላ ሸፍነው ወደ ቤት ሲያስገቡት አባትየው እጁን እንደዘረጋ ነበር። ዐይኑ ብቻ እንባ ያፈሳል።

«እረፍ በይው እንጂ፣ ትርንጎ» አለቻት ጎረቤቷ።

ትርንጎ ሄዳ ፊቱ ቆመች። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው የለመደችው ልመና ነው።

«ልመንህ፣ ምናለ ብትይዝልኝ ኖሮ?»

ልመንህ አልተነቃነቀም።