ውሃ ያልነካው ጠመንጃ

ጠመንጃ ጠጋኙ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ውስጡን አጮልቆ አየ። ጠመንጃውን ያመጣው ሽማግሌ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ወንድሙ «ስትቀብረኝ በዚሁ ተኩስልኝ» ብሎት ነበር የሞተው፤ አስከሬኑም ጊዮርጊስ ደርሷል።

«አባባ፣ ይሄማ ወንፊት ሆኗል! ቢተኮስ እርስዎኑ ይዞ ነው የሚሄድ።»

«እንዴት ተደርጎ! ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ንጥር ቅቤ ስቀባው! ጠብታ ውሃ አላስነካሁትም።»

«እሱ ነዋ የጨረሰው! የባሩድ ጥቀርሻ በፈላ ውሃ ካልታጠበ፣ ቅቤው ይሸፍንለታል እንጂ ጥቀርሻው ብረቱን መብላቱን አይተውም። ምነው፣ የሚነግርዎት ሰው ጠፋ?»

ሽማግሌው ጠመንጃውን ተቀብሎ በጋቢው ጠቀለለው።

«ወንድሜ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ውሃ አፍልቶ በመጣ ቁጥር እየሳቅሁ መሬት ላይ እደፋበት ነበር።»

ከሱቁ ወጥቶም ወደ ጊዮርጊስ ሳይሆን ጠመንጃውን ለወንዙ ውሃ ሊሰጠው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወረደ።