የጆሮ ጠብታ

"ጩጬ! ነይ ቶሎ፣ እንሂድ!"

ሦስት መንገደኞች ዞር አሉ። ልጅቷ አልዞረችም። ከትኬት መቁረጫው መስኮት ፊት ለፊት፣ ሰው መሃል፣ ጀርባዋን ለአጎቷ ሰጥታ ቆማለች። ትከሻዋ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

አጎትየው ዓይኑ በሩ ላይ ነው። በመናኸሪያው በር አንዲት ሴት ጆሮው በፋሻ የታሸገ ልጇን እየጎተተች፣ ከጥበቃው ጋር እየገባች ነው። በእጇ የእሱን ብልቃጥ ይዛለች፤ ላዩ ላይ ያለው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። "ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አላያችሁም?" እያለች ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። "ባሌን አታልሎ የጆሮ ጠብታ ብሎ የሸጠለት! የልጄ ጆሮ ይኸው መግል በመግል ሆነ!" ነጩ ጋዋን ገና ከሻንጣው አልወጣም። እግዜር ሲያተርፈው ነው።

ሙያው እንዲህ ነበር። የሟች እህቱ ልጅ ብቻዋን ቀድማ ሰው መሃል ትቆማለች። እሱ ጋዋኑን ለብሶ፣ ዶክተር መስሎ ይመጣና ከማጅራቷ ኋላ የብረት ሰሃን በማንኪያ ይደበድባል። እሷ ዝም። "ወይኔ፣ ድፍን ደንቆሮ ናት!" ይላል ሰዉ። ከዚያ ጠብታ የሚለውን የዘይትና የካምፎር ቅልቅል ጆሮዋ ውስጥ ጠብ ያደርጋል፣ ሰሃኑን መልሶ ይመታል፣ እሷ ደንግጣ እሪ ትላለች። አቤት የሚገዛው ሰው ብዛት!

ለዚህ ሁለት ዓመት ለፍቶባታል። ከኋላዋ ሆኖ "እባብ!" ይላል፣ "እሳት!" ይላል። ከዞረች ቀኑን ሙሉ ያኮርፋታል፤ ካልዞረች ትከሻው ላይ አውጥቶ ያንሸራሽራታል። "ጠብታው ጆሮሽ ሳይገባ፣ እኔ ብሞት እንኳ እንዳትዞሪ" ብሏታል። አንዴማ "ሞትኩ!" ብሎ ጮኾ መሬት ላይ ተዘረረ። አልዞረችም። ያን ቀን ስቆ ስቆ እንባው መጣ፤ "አንቺስ ከእኔም ትበልጫለሽ" ብሎ ደረቱ ላይ አስተኛት። ስምንት ዓመቷ ነው። እሱም በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ ሌላ የኔ የሚለው ሰው የለውም።

አሁንም እየፈተናት መስሏታል፣ ምስኪን።

"ጩጬ! የእውነቴን ነው!"

የእውነቴን ነው ብሎም ስንቴ ፈትኗታል። አሥር እርምጃ ሄዶ እጇን ቢይዝ ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን ሻንጣው ውስጥ ሃያ ብልቃጥ አለ። ባለበት ቆመ።

ሴትየዋ ቀደመችው። "የኔ ቆንጆ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አላየሽም?" ዝም። "አንቺ ልጅ?" ዝም። ከኋላዋ አጨበጨበች። ዝም። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አሸተተችና ጩኸቷን ለቀቀችው።

"ኧረ የሰው ያለህ! ካምፎር፣ ካምፎር ይሸታል! የእሷም ጆሮ ውስጥ ጨምሮባታል፤ እሷንስ ጭራሽ አደንቁሯታል!"

ሰዉ ግር ብሎ ከበባቸው፤ አጎትየውም በግፊያው ተገፍቶ አጠገባቸው ደረሰ። "ሰው ነው ይሄ? አውሬ እንጂ!" አለች ትኬት ቆራጯ አንገቷን በመስኮት አስግጋ። "እውነት ነው፣ አውሬ ነው" አለ አጎትየው አብሮ። ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ገረመው።

ጥበቃው ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ዙሪያውን ቃኘ።

"ወንድሜ፣ ቅድም ስትጣራ የነበርከው አንተ አይደለህ? ልጅህ ናት?"

"ኧረ እኔ? የጠራሁት ሌላ ሰው ነው።" ሻንጣውን ከኋላው ደበቅ አደረገው። እስር ቤት ብገባ ማን ያሳድጋታል፣ ብሎ ሆዱን አባበለው። "ይቺን ልጅ ገና ዛሬ ማየቴ ነው። አላውቃትም።"

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ልጅቷ ከእሱ አራት ክንድ አትርቅም። የቀኝ ትከሻዋ ብቻ፣ አንዴ፣ ሽምቅቅ አለ። አልዞረችም። እሱም ያንን አየ። የሻንጣውን እጀታ ግን አልለቀቀም።

"ወላጅ ከሌላት እኔ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ" አለች ሴትየዋ እንባዋን እየጠረገች። "ዘመድ እስኪገኝ ከልጄ ጋር ትሆናለች። እኔ ያየሁትን ሌላ እናት አትይ።" ሻርፗን ከአንገቷ ፈታችና የልጅቷን ጆሮ በስሱ ጠቀለለችላት። ጥበቃው መንገድ እያስለቀቀ በሩ ላይ ወደቆመ ታክሲ ወሰዳቸው። ልጅቷ እጇን ለሴትየዋ ሰጥታ ተከተለች።

በል እንግዲህ ጀግናው፣ ተርፈሃል! ማንም አልያዘህም፣ ሻንጣህ በእጅህ፣ አውቶብስህ ፊትህ ቆሟል። ምን ቀረህ?

የታክሲው ሞተር ሲነሳ ሻንጣው ከእጁ ወደቀ። ውስጡ ብልቃጦቹ ሲሰባበሩ ተሰማ።

"ጩጬ! ጩጬዬ! እኔ ነኝ፣ ጋሼ ነኝ! ይብቃሽ፣ ዙሪ! የእህቴ ልጅ ናት፣ ልጄ ናት!"

አጠገቡ ትኬት ይዘው የቆሙ አዛውንት ክንዱን ያዝ አደረጉት።

"ልጄ፣ ጉሮሮህን አትጨርስ" አሉት ከልባቸው አዝነው። "አትሰማም እኮ።"

ታክሲው ውስጥ ልጅቷ ሁለት እጇን አነሳችና ሻርፑን ጆሮዋ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።