የማን ቀኝ?

«ላስቲኩን ሳቢው! ሳቢው እንጂ አትፍሪው!»

ልብስ ሰፊዋ ሳበችው። ላስቲኩ አንዴ አምልጦ ጧ አድርጎ ጣቷን ገረፋት፣ በሁለተኛው ግን መንጠቆው ላይ ገባ፤ ክንፉም ከትንሿ የፎም አውሮፕላን ጀርባ ላይ ጥብቅ ብሎ ተቀመጠ። ታላቅ ወንድሟ ፀጉር አስተካካዩ በደንበኞቹ አንገት ላይ የሚያስረውን ሰፊ ጨርቅ ከኳስ ሜዳው ሣር ላይ ዘርግቷል። ሁለቱም ዳርና ዳር ተንበርክከው፣ ተጫዋቾቹ መጥተው ሳያባርሯቸው ለማብረር ይጣደፋሉ።

ይቺ ሦስተኛዋ ናት። ሁለቱ የቀደሟት ገና ከእጅ እንደወጡ ተገልብጠው አፍንጫቸውን መሬት ውስጥ ቀብረዋል። ጥፋቱ የማን ነው ሲባል የነፋስ ነው ተባለ፤ ነፋስ መልስ ስለማይሰጥ ክርክሩ እዚያው ቆመ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ግን መልስ አላጣችም፤ «ይቺም ከተሰበረች የዕቃ ሳጥንህን ከነሽቦው አውጥቼ ነው የምጥልልህ» አለችው። እሱም እልህ ይዞት፣ ከተሰበረች ሁለተኛ አውሮፕላን አልነካም ብሎ ማለ። ልብስ ሰፊዋን ሲያስጨንቃት የሰነበተው ይሄ መሐላ ነው። ፎሙን ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው እሱ፣ ክንፉን በስስ ጨርቅ ያለበሰችው እሷ። ኮምፒውተር ላይ በጨዋታ ማብረር የተለማመደችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ሪሞቱን ብትይዝ ምን ነበረበት? «ጋሼ፣ እኔስ?» ባለች ቁጥር መልሱ «ይደርስሻል» ነው። አውሮፕላኖቹ ግን ተራዋ እስኪደርስ በሕይወት አይቆዩም።

«በይ ሚዛኗን እንይ» አለና ክንፏን ከሥር በሁለት ጠቋሚ ጣቶቹ አነሣት። ጅራቷ ወደ ታች ዘመመ።

«ባትሪውን ወደ ፊት ግፊላት። ትንሽ። ኧረ ትንሽ አልኩሽ!»

ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ይዛ በጥፍሯ ገፋ አደረገችው። አውሮፕላኗ በጣቶቹ ላይ ተወዛወዘችና ቀጥ ብላ ቆመች። «ወይኔ ጋሼ!» ብላ በደስታ ፈነደቀች፤ እሱም ጥርስ በጥርስ ሆነ።

«አሁን እጅሽን ከፕሮፔለሯ አርቂ፣ ጣት አትምርም» ብሎ ባትሪውን ሰካው። ሞተሯ ጥዝ ጥዝ ብላ ድምፅ ሰጠች። ፀጉር አስተካካዩ ሪሞቱን አንሥቶ በአፍንጫዋ በኩል ዞሮ ቆመ። «አንቺ ከኋላዋ ሁኚና ንገሪኝ። ቀኝ!»

በክንፎቹ ጫፍ ያሉት ስስ ምላሶች ተንቀሳቀሱ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ልብስ ሰፊዋ «ጥሩ ናት» ልትል አፏን ከፈተችና ጠጋ ብላ አየች። በጨዋታው ላይ አውሮፕላን የሚያጋድለው ምላሱ ወደ ተነሣው ወገን ነበር። አሁን የተነሣው የግራው ነው።

«ጋሼ፣ ቀኝ በላት።»

«አልኳት እኮ!»

«ወደ ግራ ነው የምትሄደው።»

«ምን ነካሽ? ቀኝ ይኸው!» አለና ቀኝ እጁን አነሣ።

«የማን ቀኝ?»

«የኔ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?»

«እኔ ቀኝ እጅጌ ስሰፋ የለባሹ ቀኝ ነው። ፊቴ ቆሞ ስለለካሁት የኔ ቀኝ አይሆንም።»

«እኔ ደግሞ ጢም ስላጭ...» ብሎ ጀመረና ወንበሩ ትዝ አለው። ሽቦዎቹን ሲያገጣጥም አውሮፕላኗን ያስቀመጣት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ባለው ወንበር ላይ ነበር፤ ወንበሩን ወደ ራሱ አዙሮ፣ አፍንጫዋን ወደሱ አድርጎ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፤ ቀኝ ብሎ የሰካውም በራሱ ቀኝ ነበር። ቀስ ብሎ ዞሮ እህቱ አጠገብ ቆመና ሪሞቱን ወደ ቀኝ ገፋ። የግራው ምላስ ተነሣ።

«የፊተኞቹም?» አለ። «ሁለቱም እንዲህ ነበሩ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ ግን አልቻለችም። እሱ ደግሞ ግንባሩን በጥፊ መትቶ «እኔ ነፋሱን ስረግም!» አለና፣ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሪሞቱ ላይ ግራን ቀኝ፣ ቀኝን ግራ የምታደርግ ትንሽ መቀያየሪያ አለች። ቀጭ አደረጋት። እንደገና ሞከሩ፤ አሁን ቀኝ ሲሏት የምትሰማው የራሷን ቀኝ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ሪሞቱን ዘረጋላት።

«እታለም፣ ያዢ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። የኔ እጅ የለመደው መጣል ነው።»

ስንት ጊዜ የተመኘችው ነገር እጇ ላይ ሲወድቅ መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ያዘችው። ወንድሟ አውሮፕላኗን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ። «ይቅር በለኝ ወዳጄ» አለው። ከዚያ ጮኸ፤ «ሞተር!»

የሪሞቱን ማንሻ ገፋችው። ሞተሯ አፏጨች። ፀጉር አስተካካዩ በዚያ ቦርጩ ሮጦ፣ ሮጦ፣ ወረወራት።

አውሮፕላኗ ወረደች። ሆዷ ሣሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ልትጨፍን ምንም ሳይቀራት፣ በጣቷ ለስለስ አድርጋ ሳብ አደረገቻት፤ ቀና አለች። ቀና ብላም አልቀረች፣ ግቡን ዘልላ፣ ከዛፎቹ በላይ ሆና ወጣች። ቀኝ አለቻት፤ በቀኝ ክንፏ ጋደል ብላ ዞረች። እልል ማለት አማራት፤ አለችም።

ሰፊ ዙር ዞራ ስትመለስ ወንድሟ ትዝ አላት። ደስታውን ብቻዋን መጠጣቱ ከበዳት።

«ጋሼ! ና ውሰድ! ተራህ ነው!»

አልመጣም። ከወረወረበት ቦታ ንቅንቅ አላለም፤ አንድ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ አንጋጧል።

«ቆይ» አላት፣ ዓይኑን ሳያወርድ። «ቆይ አንዴ። ስትበር አይቼ አላውቅም እኮ።»