ባዶው ማንቆርቆሪያ

በዚህ ዘመን የፖሊሲና የመንግሥት አስተዳደር ተማሪ ለመመረቂያው የሚያረቀው ፖሊሲ መጀመሪያ የሚሞከረው በገዛ ቤቱ ላይ ነው። ሕጉ ሲወጣ እኔም ጎሽ ብዬ ነበር፤ የባሌን ጽሑፍ እስካይ ድረስ። አስራደ ያረቀቀው የውሃ ቁጠባ ነው። ቧንቧችን ጠዋት አንዴ ይከፈትና ራሱን ይቆልፋል።

ዛሬ አማካሪው ዶክተር ሊገመግሙ ቤታችን መጡ። ቆጣሪውን አይተው «ፍጆታችሁ በግማሽ ወርዷል፤ ግሩም ነው!» አሉ። አማቴ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ የቆሸሸው አንሶላቸው ከትናንት ጀምሮ ጥግ ላይ ተከምሯል። ሽታው ዶክተሩን እንዴት አይሰነፍጣቸውም? ልናገር ስል አስራደ ዝም በይ ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ምሳ አቀረብኩ። ዶክተሩ ሊታጠቡ እጃቸውን ዘረጉ። ባዶውን ማንቆርቆሪያ አዘነበልኩላቸው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ምነው?»

«የተማሪዎ ፖሊሲ ነዋ! ይታጠቡበት!»

ምንም ሳይመስላቸው ከኪሳቸው ሶፍት አውጥተው እጃቸውን ጠረጉ። «ይሄም አንድ አማራጭ ነው» አሉት አስራደን፤ «ማጠቃለያው ላይ ጨምረው።» ባሌ ተሽቀዳድሞ ስልኩን አወጣና መጻፍ ጀመረ።

«እንግዲያው ለምሳውም አማራጭ ፈልጉለት!» አልኩና ትሪውን አንስቼ አማቴ ክፍል ገባሁ።