የሩፋኤል ዝናብ በወንፊት

ዝናብ በተራ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ወረዳ በዓመት አርባ የድርቅ ቀን መውሰድ ግዴታው ነው፤ ወሩን ግን ራሱ ይመርጣል። የጓሳው መስክ ጠባቂ ትርንጎ በስብሰባው ላይ፣ «በሰኔ አይሆንም» ብላ ተከራከረች። «ሣሩ ያኔ ገና ጡት አልጣለም። ለጋውን ካስጠማነው መስኩ የያዘውን ካርቦን መልሶ ይተነፍሰዋል። ጠግቦ ካደገ በኋላ ግን ይችለዋል።»

ድርቁ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ሆነ። የጳጉሜ ሦስቱ የሩፋኤል ዝናብም አብሮ ቀረ። ጎረቤቷ እማማ ድንቅነሽ፣ «ሰማንያ ዓመት የታጠብኩበትን ነጠቅሽኝ» ብለው አኮረፏት።

ዛሬ ሩፋኤል ነው። የመስኩ መለኪያ ጠዋት ሲታይ ሣሩ ካርቦኑን አልለቀቀም። ትርንጎ በሐምሌ ያጠራቀመችውን የዝናብ ውሃ በጀሪካን ይዛ መሰላል ላይ ወጣችና፣ በወንፊት እያሳለፈች አዘነበችው። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ከሥር ይጋፉ ጀመር። ጀሪካኑ ሊያልቅ ሲል እማማ ድንቅነሽ ነጠላቸውን ለአንዷ ልጅ አስይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መሃል ገቡ።

«ይቺ ዝናብ አይደለችም» አሉ፣ ውሃው በጉንጫቸው እየወረደ።

«አይደለችም፣ እማማ።»

«ዝናብ እንዲህ አይሰስትም። ጨምሪ።»

ትርንጎ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለእንቁጣጣሽ ጠላ መጥመቂያ ያስቀመጠችውን ሁለተኛውን የውሃ ጀሪካን ልጆቹ ከታች አቀበሏት።