የምሳ ሰዓቱ እንግዳ

የኔትወርኩ ባለሙያ ላፕቶፑን እንደ ትሪ በግራ ክንዱ ተሸክሞ በኮሪደሩ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ደግሞ ሌላ እርምጃ። ሥራ አስኪያጇ ከኋላው ናት፤ ከእሷ ኋላ ምሳቸውን ያቋረጡ ሦስት አራት ሠራተኞች። እኔ መወልወያዬን ይዤ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ መንገድ እለቅላቸዋለሁ።

ከሻሼ ሥር፣ በቀኝ ጆሮዬ በሰካሁት ማዳመጫ፣ አስተማሪዬ «ሏ፣ ሟ፣ ሯ» ትላለች።

«መስመራችን ላይ የገባው ምን ዓይነት ዕቃ ነው?» ትላለች ሥራ አስኪያጇ።

«ስልክ ሳይሆን አይቀርም። ስም የለውም፤ ‹ያልታወቀ› ነው የሚለው።»

«የመጣ እንግዳ ይሆናላ። የእንግዳ ዋይፋይ አይደል?»

«እንግዳማ ሁለት ወር ሙሉ ምሳ ሰዓት እየጠበቀ አይመጣም። ይሄስ ቤተኛ ነው።»

ሠራተኞቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ስልኩ እህቴ የጣለችው ነው፤ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። አሁን የሥራ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ሆኖ ጭኔን ያሞቀኛል። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ እንግዶች ቀና ብለው እያዩ ሲጽፉ አይቻለሁ። ባዕድ ፊደል ነው፣ አንዱንም አላውቀው። ጠረጴዛ ስወለውል እንደ ጥልፍ ንድፍ አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ሦስት ምሳ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ስልኩ ላይ የሚመስላቸውን እየፈለግኩ ነካሁ። ሲከፈትልኝ እልል በይ እልል በይ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ፣ ከይለፍ ቃሉ ሥር፣ በእኛ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር ነበረ፤ ያኔ እሱም ለእኔ ጥልፍ ነበር።

ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ባመጣች ቁጥር «መነጽሬን አላገኘሁትም፣ አንቺው አንብቢልኝ» እላት ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። አንድ ቀን ያን የሌለ መነጽር ፍለጋ አልጋ ሥር ገብታ፣ አቧራ ለብሳ ስትወጣ አየኋት። በነጋታው ምሳ ሰዓት ላይ በኢንተርኔት የሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። እዚህ መሥሪያ ቤት ይህን የሚያውቅ የለም። ስቀጠር «ስምንተኛ ክፍል» ብዬ አስጽፌያለሁ።

ባለሙያው አጠገቤ ይቆማል። ሽቶው ይሸተኛል።

«እዚሁ አካባቢ ነው። አሁን መስመሩን ልዝጋው። ዘግቶ የሚጮኸውን ማየት ነው እንግዲህ፤ የእኛ ሙያ ይኸው ነው።» በጣቱ አንድ ነገር ይነካል።

አስተማሪዬ ቃሏን ሳትጨርስ ጆሮዬ ውስጥ ትጠፋለች።

«ኧረ በላኝ!»

ሁሉም ዞር ይላል። በመዝገብ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው የያዙት የፎቁ ዘበኛ ናቸው።

«ዳማ እኮ ነው!» ይላሉ ደንግጠው። «ሁለት ጠጠር ባንዴ በላኝ!»

«ጋሼ» ትላለች ሥራ አስኪያጇ፣ «ስለዚህ ስልክ ባለፈው ምን ነበር የተባባልነው? ማስጠንቀቂያ ፈርመዋል። ሁለተኛው ስንብት ነው።»

«የስልኩን መለያ ቁጥር ላመሳክረው፣ አንድ ደቂቃ...» ይላል ባለሙያው። እሷ ግን አትሰማውም። የስብሰባ ክፍሉን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ታሳያቸዋለች።

«እስቲ ያንብቡልኝ። ሁሉም ይስማ።»

ጋሼ የደረት ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፤ ከዚያ የጎኑን፣ ደግሞ የደረቱን። «መነጽሬን... ቤት ረስቼው ነው።»

«ሲጨንቅ መነጽር ይጠፋል» ይላል ከኋላ አንዱ፣ ለመሰማት ያህል ብቻ።

የሳቃቸው ድምፅ አንገቴን ያቃጥለዋል። የጋሼ መነጽር በእርግጥ አለ። ሽቦው በክር የታሰረ ነው፤ በየጠዋቱ ሲወለውሉት አያለሁ። የመነጽሩ ውሸት የእኔ ነው፤ ሳቁ ግን እሳቸው ላይ አረፈ።

«እኔ ላንብበው» እላለሁ።

«ተይ ልጄ» ይላሉ ጋሼ በዝግታ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ፤ ሥራሽን ሥሪ።»

መወልወያዬን በሩ ላይ አስደግፌ እገባለሁ። ጣቴን ከታችኛው መስመር ሥር አስቀምጣለሁ፤ ያለ ጣቴ መስመሩ ይጠፋብኛል።

«ለ... እን... ግ... ዶች... ለእንግዶች ብ... ቻ።»

ሳቁ ይቆማል። ድምፄ የሰፈር ሕፃን ድምፅ ይመስላል።

«ሠ... ራ... ተ... ኛ፣ ሠራተኛ፣ የ... ግል ስ... ልክ፣ ማ... ገ... ና...»

እዚህ ላይ ጣቴ ይቆማል። ሁለት ወር ሙሉ የዚህን ወረቀት አቧራ ያራገፍኩት እኔ ነኝ። አስተማሪዬ «ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ» ብላ ነበር። የአውቶቡሱን ታፔላ፣ የሳሙናውን ካርቶን አንብቤያለሁ። ይህን ግን የይለፍ ቃሉን ካገኘሁ በኋላ ቀና ብዬ አላየሁትም። የፈለግኩትን ወስጄ ዞርኩ።

«ማገናኘት» ይላል ባለሙያው ቀስ ብሎ፣ ሊያግዘኝ። ወረቀቱን አይደለም የሚያየው። ከሻሼ ሥር ተንሸራቶ ትከሻዬ ላይ የወደቀውን የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ነው። ላፕቶፑን ይከድነዋል።

«ማገናኘት ክል... ክል ነው።»

ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ከጋሼ ስልክ አጠገብ አስቀምጣለሁ።

«የእኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ስልኩን ሳይሆን እኔን ታያለች። «ስምንተኛ ክፍል አላልሽም ነበር?» ትላለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ፊቷን ላለማየት ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ጣቴ ከመወልወያው እርጥብ ነበር። «ክልክል» የሚለው ቃል ረጥቦ፣ ቀለሙ በነጩ ወረቀት ላይ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። የአቧራ ጨርቄ ኪሴ ውስጥ ነው። ልጠርገው እጄን አነሳለሁ፤ ከዚያ መልሼ አወርደዋለሁ።