ለአባቴ ላልቅስለት

ምንታምር ለአባቷ ተዝካር ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እናቷ ወይዘሮ የውብዳር ጉንጯን አተኩረው አዩት፤ ረጥቧል። የአዲስ መድኃኒት ተመራማሪዎች ለሙከራ በየቀኑ የሚያስውጧት ውህድ የሚጥል በሽታዋን አስቁሞላታል፤ እንባዋን ግን አድርቆታል። ሽንኩርት ቀርቶ የአባቷ ቀብር እንኳ አላስለቀሳትም ነበር።

«መድኃኒቱን ትተሻል አይደል?»

«ኧረ እማዬ፣ ሽንኩርቱ ነው።»

«ሽንኩርቱማ አምናም ሽንኩርት ነበር። እሳት ላይ ብትወድቂስ?»

ምንታምር ቢላዋውን ያዝ አደረገችው። «ቀብሩ ላይ ‹ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት› ሲሉኝ አልሰማሽም? ነገ ብቻ ላልቅስለት፤ ከዚያ እውጠዋለሁ።»

ወይዘሮ የውብዳር ቢላዋውን ተቀበሏትና ከምድጃው ራቅ አድርገው አስቀመጧት።

«ነገ ከአጠገቤ ንቅንቅ እንዳትይ።»

የቀረውን ሽንኩርት ራሳቸው ከትፈው ጨረሱና ሳህኑን ከድነው ወደ ጎን አደረጉት።